በአውሮፕላን ውስጥ የሚነገሩ የደኅንነት መመሪያዎችና ምክንያታቸው

አሊዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነስተው በረሃውን አቋርጠው ወደ ሸዋ የሚዘልቁ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባትና የሚገበያዩባት ከተማ እንደነበረች ይታወቃል። ዛሬ ከአሊዩ አምባ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከሌሎች የይፋት ቆላማ አካባቢዎች ተነስቶ ለሥራ፣ ለሐጅና ዑምራ፣ ለሕክምና ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ ጉዞውን የሚያደርገው በአብዛኛው በአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው። ሲራራ ነጋዴው ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው መንገድ ለዛሬው ተጓዥ የጥቂት ሰዓታት ጉዞ ሆኗል።

ሆኖም መንገደኛው ገና መቀመጫው ላይ እንደተቀመጠ ግራ የሚያጋቡ በርካታ መመሪያዎችን ይሰማል። የባሕር በር ከሌላት አገር ሲነሳ ስለ ሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይነገረዋል። እናት ከልጇ በፊት ለራሷ ጭምብል እንድታደርግ ትታዘዛለች። በጠራራ ፀሐይ የመስኮት መከለያ እንዲከፈት፣ በሌሊት ደግሞ መብራት እንዲደበዝዝ ይደረጋል። ማጨስ ፈጽሞ በተከለከለበት መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሲጋራ መተርኮሻ ተገጥሞ ይገኛል።

እነዚህ መመሪያዎች ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራሉ እንጂ ለምን እንደሆነ ለማብራራት ጊዜ የላቸውም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰዎች መመሪያውን እንደ ተራ የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ቆጥረው ሳያዳምጡት ያልፋሉ። ይሁን እንጂ በርካታዎቹ መመሪያዎች ቀደም ሲል የሰው ሕይወት ከጠፋባቸው አደጋዎች በተገኘ ትምህርት የተቀረጹ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዋና ዋናዎቹን መመሪያዎች ምክንያት በማብራራት ተጓዦች፣ በተለይም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበሩ ዜጎች፣ አውቀውና ተረድተው እንዲፈጽሟቸው ማገዝ ነው።

የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፡ ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ የማይነፋው ለምንድን ነው?

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ከቦሌ ተነስቶ ወደ ጅዳ የሚበር አውሮፕላን ቀይ ባሕርን ያቋርጣል። ይሁን እንጂ ጃኬቱ የሚያስፈልገው በባሕር ላይ ለሚያልፉ በረራዎች ብቻ እንዳልሆነ የአገራችን የራሷ ታሪክ በግልጽ ያሳያል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የበረራ ቁጥሩ 961 የሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 163 መንገደኞችንና 12 የበረራ ሠራተኞችን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድ በሙሉ የብስ ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል በዚያን ዕለት ባሕር ውስጥ እገባለሁ ብሎ ያሰበ እንደማይኖር መገመት አያዳግትም። አውሮፕላኑ በአየር ላይ እንዳለ ግን ሦስት ጠላፊዎች ተነስተው ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ አስገደዱ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዱም ጠላፊዎቹ አላመኑም። በመጨረሻ ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ አውሮፕላኑ በኮሞሮስ፣ በግራንድ ኮሞር ደሴት የባሕር ዳርቻ አጠገብ ውኃ ላይ ለማረፍ ሞከረ። ክንፉ አስቀድሞ ውኃውን በመምታቱ ተሰባበረ። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ 50ዎቹ ተረፉ።

ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ በርካታ መንገደኞች ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። በግጭቱ ያልሞቱ ሰዎች ውኃ በሞላው የአውሮፕላን አካል ውስጥ ተይዘው የቀሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር።

ምክንያቱ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። የተነፋ ጃኬት ሥራው የለበሰውን ሰው ወደ ላይ ማንሳፈፍ ነው። ውጭ ባሕር ላይ ይህ ሕይወት ያድናል። አውሮፕላኑ ውስጥ ውኃ ሲሞላ ግን ሰውየውን ወደ ጣራው ገፍቶ ያጣብቀዋል። መውጫው በር ደግሞ ከውኃው በታች ሊሆን ይችላል፤ ጃኬቱን የነፋ ሰው ወደዚያ ጠልቆ መውረድ አይችልም። ከዚህም በተጨማሪ የተነፋው ጃኬት በጠባቡ መተላለፊያ ላይ የራሱንም የሌላውንም መንገድ ይዘጋል።

ስለሆነም ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦ ጃኬቱ ሲታዘዝ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከተቀመጠበት ቦታ ይወጣል፤ በራስ በኩል ይጠለቃል፤ ማሰሪያው ወገብ ላይ ይጠብቃል። ቀዩ መሳቢያ የሚጎተተው ግን በበሩ ላይ፣ ከአውሮፕላኑ ለመውጣት ሲባል ብቻ ነው። ጃኬቱ በራሱ ካልተነፋ በትከሻ በኩል ባለው ቱቦ በአፍ ሊነፋ ይችላል። ከጃኬቱ ጋር ያለው አነስተኛ መብራት ውኃ ሲነካው የሚበራ ሲሆን ፊሽካውም ለነፍስ አዳኞች ምልክት መስጫ ነው። ሕፃን የያዘ መንገደኛ ለሕፃኑ የተዘጋጀ ጃኬት እንዲሰጠው አስተናጋጆችን መጠየቅ ይኖርበታል።

የአየር ግፊትና የጆሮ መደፈን

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና በኩል የጣርማ በርን አቀበት በአውቶቡስ የወጣ ሰው ጆሮው ሲደፈንና ቆይቶ ሲከፈት ያውቀዋል። ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛም እንዲሁ ይሰማዋል። ይህ የሚሆነው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ ግፊቱም እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው።

የመንገደኞች አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ 11,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይበራል። ይህ ከራስ ዳሽን ተራራ ከፍታ ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ሰው እንዲኖርበት የሚያስችል ስላልሆነ አውሮፕላኑ የውስጡን አየር እየጨመቀ ይጓዛል። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ የሚኖረው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው የተፈጥሮ አየር ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። ይህ ከአዲስ አበባ አየር ጋር ተቀራራቢ ሲሆን፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን አየር ደግሞ የተሻለ ነው። ስለሆነም ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ ሽቅብ በሚበርበት ጊዜ ብዙም የጆሮ ችግር ላይሰማው ይችላል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው እንደ ጅዳ ባሉ በባሕር ጠለል ላይ በሚገኙ ከተሞች ለማረፍ ቁልቁል ሲወረድ ነው። በዚህ ጊዜ ምራቅ መዋጥ፣ ማዛጋት ወይም ማስቲካ ማኘክ ይረዳል። ሕፃናት ጆሯቸው ሲደፈን ስለሚያማቸው ያለቅሳሉ። እናቶች አውሮፕላኑ ቁልቁል በሚወርድበት ጊዜ ቢያጠቧቸው ወይም ጡጦ ቢሰጧቸው መዋጡ ጆሯቸውን ይከፍተዋል። ከባድ ጉንፋን ያለበት ሰው ደግሞ ከመብረሩ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይመረጣል።

የኦክስጅን ጭምብል፡ እናት ከልጇ በፊት ለምን?

ከመመሪያዎች ሁሉ ለኅብረተሰባችን እጅግ የሚከብደው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ልጅን አስቀድሞ ራስን ማስከተል የኖርንበት ሥርዓት ነው። ለራስ መቅደም እንደ ስስት ይታያል። በአውሮፕላን ውስጥ ግን ልጅን ለማዳን የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በአንዳች ብልሽት የአውሮፕላኑ ውስጣዊ ግፊት ሲቀንስ ጭምብሎቹ ከጣራው በራሳቸው ይወርዳሉ። 11,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግፊቱ በድንገት ከጠፋ አንድ ጤነኛ ሰው በአግባቡ አስቦ መሥራት የሚችለው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱን ይስታል። እናት በእነዚህ ሰከንዶች ውስጥ ከሚወራጭ ልጅ ጋር ስትታገል ራሷን ብትስት ልጁን የሚረዳው አይኖርም። አስቀድማ ለራሷ ካደረገች ግን በተረጋጋ አእምሮ ልጇን ትረዳለች። ልጁ ለጥቂት ሰከንዶች ራሱን ቢስት እንኳ ጭምብሉ ሲደረግለት ወዲያው ይነቃል።

የኦክስጅን እጥረት አደገኛነቱ ሕመም ስለሌለው ነው። ሰውየው ደህና እንደሆነ እየተሰማው አስተሳሰቡ ይደበዝዛል። ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በግሪክ የተከሰከሰውና 121 ሰዎች ያለቁበት የሄሊዮስ አየር መንገድ አውሮፕላን ለዚህ ማስረጃ ነው። አውሮፕላኑ ውስጣዊ ግፊቱን ሳያገኝ ሽቅብ ሲወጣ የሰለጠኑት አብራሪዎች እንኳ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ በሌላ ተርጉመው ራሳቸውን ስተዋል።

ጭምብሉ ሲወርድ ኦክስጅን እንዲፈስ ወደ ራስ መጎተት ያስፈልጋል። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ላስቲኩን በጭንቅላት ዙሪያ አጥልቆ እንደወትሮው መተንፈስ ነው። ከጭምብሉ ጋር ያለው ከረጢት ባይነፋም ኦክስጅን እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል «አይሠራም» ብሎ ማውለቅ አይገባም። ኦክስጅኑ በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቆያል። ይህም አብራሪው ያለ ጭምብል መተንፈስ ወደሚቻልበት ዝቅተኛ ከፍታ ለመውረድ ይበቃዋል። በመሆኑም በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑ በፍጥነት ቁልቁል ቢወርድ እየወደቀ ሳይሆን አብራሪው ማድረግ የሚገባውን እያደረገ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመነሻና በማረፊያ ጊዜ፡ መቀመጫ፣ መከለያና መብራት

አውሮፕላን ከሚገጥሙት አደጋዎች አብዛኞቹ የሚደርሱት በመነሳትና በማረፍ አካባቢ ባሉ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በእነዚህ ደቂቃዎች ብዙ ትዕዛዝ የሚሰጠውም ስለዚህ ነው።

አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ለአገልግሎት ከመፈቀዱ በፊት ሙሉ ተሳፋሪ ቢይዝና ከመውጫዎቹ ግማሾቹ ብቻ ቢከፈቱ ሁሉም ሰው በ90 ሰከንድ ውስጥ ወጥቶ ሊያልቅ እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። የተዘረጋ ጠረጴዛ በመስኮት በኩል የተቀመጠውን ሰው መንገድ ይዘጋል። ወደ ኋላ የተንጋለለ መቀመጫ ከኋላ ያለውን መንገደኛ ያጣብባል። ወለል ላይ የተተወ ሻንጣ የሚሸሸውን ሰው ያደናቅፋል። መቀመጫ እንዲቀና፣ ጠረጴዛ እንዲታጠፍና ሻንጣ እንዲነሳ የሚታዘዘው እነዚህን ሰከንዶች ለማትረፍ ነው።

የመስኮት መከለያ እንዲከፈት የሚደረገው ደግሞ በውጭ እሳት ወይም ጭስ ካለ አስተናጋጆችም ሆኑ መንገደኞች ቀድመው እንዲያዩት፣ እንዲሁም የነፍስ አድን ሠራተኞች ከውጭ ሆነው የውስጡን ሁኔታ እንዲመለከቱ ነው። በሌሊት መብራት የሚደበዝዘውም ለዓይን ሲባል ነው። ከብርሃን ወደ ጨለማ ቤት የገባ ሰው ለጊዜው ምንም አይታየውም፤ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይቆያል። በአደጋ ጊዜ መብራት ድንገት ቢጠፋ የመንገደኞች ዓይን አስቀድሞ ጨለማውን የለመደ እንዲሆን መብራቱ ቀድሞ ይደበዝዛል።

ከመነሳት በፊት አስተናጋጆች በሮችን እንዲያዘጋጁና እርስ በርስ እንዲያረጋግጡ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ይሰማል። ይህ ትዕዛዝ ለመንገደኞች የተላለፈ አይደለም። አስተናጋጆቹ በየበሩ የተጣጠፈውን የአደጋ ጊዜ መንሸራተቻ ከበሩ ጋር ያያይዙታል። ከዚያ በኋላ በሩ ቢከፈት መንሸራተቻው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተነፍቶ ይዘረጋል። ስለሆነም መንገደኛ ያለ ትዕዛዝ የበር እጀታ መንካት የለበትም።

ሻንጣን ትቶ መውጣት

በስደት ወይም በሥራ ለዓመታት የደከመ ሰው ያፈራውን ንብረት፣ ፓስፖርቱንና ገንዘቡን ትቶ እንዲወጣ ሲታዘዝ ማመንታቱ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ማመንታት ከኋላው ያሉትን ሰዎች ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። አንድ ሰው ሻንጣውን ከላይኛው ሣጥን ለማውረድ የሚያጠፋው ጊዜ ከ90 ሰከንዱ ላይ የሚቀነስ ነው። ሻንጣውም መተላለፊያውን ይዘጋል፣ መንሸራተቻውንም ሊቀድደው ይችላል። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ እንዲወለቅ የሚደረገውም ለዚሁ ነው።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን በሚያርፍበት ጊዜ መንደርደሪያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። ከአነስተኛው አውሮፕላን ስድስት ሠራተኞች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ግን አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ ከመቃጠሉ በፊት ሁሉም በሕይወት ወጥተዋል። ለዚህ ውጤት ከአስተናጋጆቹ ብቃት ጋር መንገደኞቹ ትዕዛዝ አክብረው ሻንጣቸውን ትተው መውጣታቸው ትልቅ አስተዋጽኦ ነበረው።

ፓስፖርትና አስፈላጊ ሰነድ እንዳይጠፋ የሚሰጋ መንገደኛ በሚነሳበትና በሚያርፍበት ጊዜ በልብሱ ኪስ ወይም በአንገቱ በሚንጠለጠል አነስተኛ ቦርሳ ቢይዘው ስጋቱ ይቀልለታል።

የመቀመጫ ቀበቶ

የቀበቶው ምልክት ከጠፋ በኋላም መንገደኞች በተቀመጡበት ጊዜ ሁሉ ቀበቶ እንዲያስሩ ይመከራል። ምክንያቱም ጥርት ባለ ሰማይ ላይ አብራሪውም ሆነ ራዳሩ አስቀድሞ የማያየው የአየር ነውጥ ሊያጋጥም ይችላል። ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በገጠመው ድንገተኛ ነውጥ አንድ መንገደኛ ሕይወቱ አልፏል፤ ብዙዎችም ቆስለው አውሮፕላኑ ባንኮክ ለማረፍ ተገዷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ከጣራው ጋር ይጋጫል።

ጨቅላ ሕፃን የታቀፈች እናት በራሷ ቀበቶ ልጇን አብራ ማሰር የለባትም። ግጭት ቢፈጠር የእናቲቱ ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋል። አስተናጋጆች ከእናቲቱ ቀበቶ ጋር የሚያያዝ የሕፃን ቀበቶ ሲሰጡ እርሱን መጠቀም፣ ካልሰጡም መጠየቅ ይገባል።

ስልክ፣ ፓወር ባንክና ሲጋራ

ስልክ ወደ በረራ ሁኔታ እንዲቀየር የሚታዘዘው የሚያወጣው ሞገድ በአብራሪዎች የመገናኛና የአቅጣጫ መሣሪያዎች ላይ ጣልቃ እንዳይገባ ነው። አንድ ስልክ አውሮፕላን ይጥላል ማለት አይደለም። ነገር ግን በመቶ የሚቆጠሩ ስልኮች በአንድ ጊዜ ከምድር ኔትወርክ ሲፈልጉ በአብራሪው ጆሮ ማዳመጫ ላይ የሚፈጥሩት ጩኸት አንዲት አስፈላጊ ቃል ሊያሳልፈው ይችላል።

ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይገቡም። ይህ ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ አደገኛ ከሆነ ከሰው መራቅ አልነበረበትም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ የሊቲየም ባትሪ በራሱ ግሎ በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል ሰው በሚያየውና በሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት የሚል ነው። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ከሆነ አስተናጋጆች ወዲያው አጥፍተው በውኃ ያቀዘቅዙታል። በጭነት ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን በበረራ ላይ ማንም አይደርስበትም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያዘው መጠን እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን ይህም በብዙዎቹ ፓወር ባንኮች ላይ ወደ 27,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚጠጋ ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች በበረራ ላይ መጠቀምንም ስለሚከለክሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ስልክ በመቀመጫው ቀዳዳ ውስጥ ቢወድቅ መንገደኛው መቀመጫውን ሳያንቀሳቅስ አስተናጋጅ መጥራት አለበት። የሚንቀሳቀሰው የመቀመጫ ብረት ስልኩን ቢጨፈልቀው ባትሪው ሊቀጣጠል ይችላል።

በመጸዳጃ ክፍል ውስጥ ማጨስ የተከለከለበትን ምክንያት ሐምሌ 4 ቀን 1965 ዓ.ም. በፓሪስ አቅራቢያ የደረሰው አደጋ ያሳያል። በብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ አውሮፕላን ከኋለኛው መጸዳጃ ክፍል በተነሳ እሳት ምክንያት ከ134 ሰዎች 123ቱ ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ታዲያ መተርኮሻው ለምን ቀረ? ክልከላውን የሚጥስ ሰው ቢገኝ የለኮሰውን ሲጋራ ወረቀት በሞላበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ እንዳይጥለው ነው። መተርኮሻው እሳትን ለመከላከል የተቀመጠ እንጂ ለማጨስ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። የጭስ መጠቆሚያውን መሸፈንም ሆነ ማጨስ በሕግ ያስጠይቃል።

የሚያስደነግጡ ግን የተለመዱ ድምፆች

አውሮፕላኑ ተነስቶ ጥቂት እንደቆየ የሞተሩ ድምፅ ድንገት ይቀንሳል። ይህ ሞተር ጠፋ ማለት አይደለም፤ ለመነሳት ያስፈለገው ከፍተኛ ኃይል ስለማያስፈልግ አብራሪው ይቀንሰዋል። ከመነሳት በኋላና ከማረፍ በፊት ከወለሉ ሥር የሚሰማው ጠንከር ያለ ድምፅ ጎማዎቹ ሲታጠፉና ሲዘረጉ የሚፈጠር ነው። ካረፈ በኋላ የሚሰማው ኃይለኛ ጩኸት ደግሞ ሞተሩ አውሮፕላኑን ለማቆም ሲያግዝ የሚወጣ ነው።

መመሪያው የሚነገርበትን ቋንቋ ለማያውቅ መንገደኛ

ከአገራችን የሚነሱ ብዙ ዜጎች በውጭ አገር አየር መንገዶችም ይጓዛሉ። በዚያ የሚነገረው መመሪያ በአማርኛ ላይሆን ይችላል። ማንበብ የማይችሉ ተጓዦችም አሉ። ከፊት ባለው መቀመጫ ኪስ ውስጥ የሚገኘው የደኅንነት ካርድ በሥዕል የተዘጋጀው ለዚህ ነው። የአውሮፕላን ዓይነት ሲለያይ የበሮቹም ቦታ ስለሚለያይ ከዚህ በፊት የበረረ ሰውም ካርዱን ሊያየው ይገባል።

ማንኛውም መንገደኛ ቋንቋ ሳያስፈልገው ሊያደርገው የሚችለው አንድ ቀላል ነገርም አለ። እንደተቀመጠ ቅርብ ወደሆነው መውጫ ከፊቱና ከኋላው ስንት የመቀመጫ ረድፍ እንዳለ መቁጠር ነው። ጭስ ቢሞላና ዓይን ባያይ መቀመጫዎቹን በእጁ እየዳሰሰ በቁጥር ወደ በሩ ይደርሳል። ቅርብ የሆነው መውጫ ብዙ ጊዜ ከኋላ ሊሆን እንደሚችልም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ልምድ ያላቸው የቤተሰብ አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበሩ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች የሚከተሉትን ከጉዞው በፊት በቤት ውስጥ ቢያሳዩአቸው ይመረጣል፦

• የመቀመጫ ቀበቶ እንዴት እንደሚታሰርና እንደሚፈታ፤ የአውሮፕላን ቀበቶ የሚፈታው የላይኛውን ክዳን ወደ ላይ በማንሳት ነው።

• የሕይወት ማዳኛ ጃኬት የሚነፋው በበሩ ላይ መሆኑን።

• ጭምብል በመጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለልጅ መሆኑን።

• በአደጋ ጊዜ ሻንጣ እንደማይያዝ።

• ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ መያዝ እንዳለበት።

• ያልገባቸውን ነገር አስተናጋጅ መጠየቅ መብታቸው መሆኑን።

ኢትዮጵያ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመውን የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙ አገሮች አንዷ ናት። በአገር ውስጥ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለ ሻንጣና ስለ ተከለከሉ ዕቃዎች ጥያቄ ያለው መንገደኛ ትኬቱን የገዛበትን አየር መንገድ አስቀድሞ በመጠየቅ በአውሮፕላን ማረፊያ ሊደርስበት ከሚችል እንግልት ራሱን መጠበቅ ይችላል።

በአጠቃላይ በአውሮፕላን ውስጥ የሚሰጠው ትዕዛዝ አጭር የሆነው በአደጋ ጊዜ ለማብራሪያ የሚተርፍ ሰከንድ ስለሌለ ነው። ምክንያቱን አስቀድሞ በምድር ላይ የተረዳ መንገደኛ በዚያች ሰዓት «ለምን?» ብሎ ሳያመነታ ትዕዛዙን ይፈጽማል። ስለሆነም ተጓዦች ምንም ያህል ጊዜ በርረው ቢሆን እንኳ አስተናጋጆች መመሪያውን በሚያሳዩባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ጨዋታቸውን አቁመው፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው እንዲከታተሉ ይመከራል።